ትልቅ ሰው ለምን ደብተር ይይዛል?

የማታ ትምህርት ሊመዘገብ የመጣን ሰው «ለምን መማር ፈለግህ?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው። «ለደረጃ ዕድገት።» «ደመወዝ ለማሻሻል።» «ወረቀቱ ስለተፈለገ።» መዝጋቢውም የሚጠብቀው ይህንኑ ስለሆነ ጽፎ ያልፋል። መልሱ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ነገሩ የደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕድገቱን ካገኘ በኋላ ትምህርቱን የሚቀጥል ሰው አይኖርም ነበር። ጡረተኛ ቋንቋ አይማርም ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ዳዊት ለመድገም ብለው ከ«ሀ ሁ» አይጀምሩም ነበር።

ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ስለተላከ ነው። አዋቂን ማንም አይልከውም። ሥራ ውሎ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቤቱ ሳይገባ፣ አንዳንዴም ምሳውን በቅጡ ሳይበላ ነው ክፍል የሚገባው። የሚከፍለውን ገንዘብ ከቤት አስቤዛ ላይ ቀንሶት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስችል ምክንያት ቀላል ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን በደንብ ማወቅ ደግሞ ለአስተማሪውም፣ ለአሠሪውም፣ ለባል ወይም ለሚስትም ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ለተማሪው ለራሱ ነው።

ሦስት ምክንያት፣ አንድ ሰው

ይህን ጥያቄ ቀድመው በቁም ነገር ካነሱት ምሁራን አንዱ ሲሪል ሁል ይባላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ጥናት የተመሠረተው በ22 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ትምህርት የማይለቁ አዋቂዎች ነበሩ። ሁል መጠይቅ በትኖ አልተመለሰም፤ እያንዳንዳቸውን ቁጭ ብሎ በረጅሙ አናገራቸው። ከዚያ በሦስት ከፈላቸው። አንደኞቹ ግብ ይዘው የሚማሩ ናቸው፤ ሥራ፣ ዕድገት፣ ፈተና። ሁለተኞቹ የሚመጡት ለክፍሉና ለሰዉ ነው። ጓደኛ፣ ከቤት መውጫ፣ ከብቸኝነት ማምለጫ ይፈልጋሉ። ሦስተኞቹ ማወቅን ራሱን የሚወዱ ናቸው። ትምህርቱ ምንም ባያስገኝላቸውም ይማራሉ።

22 ሰው ጥቂት ነው። ክፍፍሉ ግን ከ60 ዓመት በላይ አልፎትም የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎች ዛሬም ያነሱታል። በእኔ እምነት ዋናው ጥቅሙ ሰዎችን በሦስት ሳጥን መክተቱ አይደለም። ሦስቱ ምክንያቶች አንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሳየቱ ነው። ሁል ራሱም ቡድኖቹ ሙሉ በሙሉ የተለያዩ እንዳልሆኑ ያውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ የምትማረውን የቤት ሠራተኛ እንውሰድ። የማታ ክፍሎችን ለብዙ ዓመት ከሞሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ እንደሷ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ገና ከደላላው ጋር ስትነጋገር «ደመወዙ ትንሽ ቢያንስም ማታ ልማር» ትላለች። አሠሪዋንም «እትዬ፣ እራት ሠርቼ ነው የምሄደው» ብላ ታሳምናለች። ቃሏን ትጠብቃለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ ይወጣል፣ ዕቃው ይታጠባል። ደብተሯን በፌስታል ይዛ ትወጣለች።

ለምን እንደምትማር ብትጠየቅ «ስምንተኛን ጨርሼ የተሻለ ሥራ ልግባ ብዬ» ትላለች። ግቧ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ግን ሰው ቤት ነው። የዕድሜ እኩያ የምታገኘው፣ አገሯ ልጅ ጋር የምትገናኘው፣ ሳቅ የምትስቀው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላም ነገር አለ። ቤት ውስጥ ስትጠራ «አንቺ» ናት። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስም ሲጠራ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ይጠራል። እሷም «አቤት» ትላለች። ይህን ማንም በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ አይጽፈውም። ዝናብ እየዘነበ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን የሚያስመጣት ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሠሪዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው። «ትምህርቱን ተይውና ደመወዝ ልጨምርልሽ» ሲባሉ እንቢ የሚሉ ልጆች ግትር ሆነው አይደለም። የሚቀርብላቸው ገንዘብ የሚያጡትን ነገር አይተካም።

ምን ተለወጠ?

አንድ ሰው መማር እየፈለገ አሥር ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ በአንድ መስከረም ተነስቶ ይመዘገባል። ለምን ያኔ? ይህን የጠየቁ ሁለት አሜሪካውያን አሉ፤ ካሮል አስላኒያን እና ሄንሪ ብሪኬል። እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው ከተማሩት አዋቂዎች ከአምስት አራት እጅ በላይ ትምህርታቸውን ከአንድ የሕይወት ለውጥ ጋር አያይዘውታል። ሥራ መቀየር፣ ከሥራ መውጣት፣ ማግባት፣ መፋታት፣ መውለድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ የቅርብ ሰው ማጣት። በብዛት ቀዳሚው ከሥራ ጋር የተያያዘው ለውጥ ነበር።

ስለዚህ «ለምን ትማራለህ?» ከማለት «ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል። ሞክሩት። ማታ የሚማር የሥራ ባልደረባችሁን «ባለፈው ዓመት ምን አዲስ ነገር ገጠመህ?» በሉት። ልጁ አራተኛ ክፍል ገብቶ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ማስረዳት እንዳቃተው ሊነግራችሁ ይችላል። ወይም አብሮት የተቀጠረው ጓደኛው አለቃው ሆኖ እንደተመደበ።

ጃክ ሜዚሮው የተባለ ሌላ ምሁር ደግሞ ልጅ ካሳደጉ በኋላ ኮሌጅ የተመለሱ አሜሪካውያን ሴቶችን አጥንቷል። ለጥናቱ መነሻ የሆነው የራሱ ሚስት ወደ ትምህርት መመለስ ነበር። ኤዲ ሜዚሮው ትልቅ ሰው ሆና ኮሌጅ ስትገባ ምን ያህል እንደተለወጠች አይቶ ነው ጥያቄው የያዘው። የደረሰበት ነገር ቀላል ነው። ሰው እስከዚያ ድረስ ስለራሱ ያመነው ነገር አልሠራ ሲለው ይጨንቀዋል። ጭንቀቱ መልስ ያስፈልገዋል። ትምህርት አንዱ መልስ ይሆናል። «እኔ እንኳ ትምህርት አይሆነኝም» ስትል የኖረች ሴት የመጀመሪያ ፈተናዋን ካለፈች በኋላ ስለ ብዙ ሌላ ነገርም ሐሳቧን ትቀይራለች። በትዳር ውስጥ አለመግባባት አንዳንዴ ከዚህ በኋላ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ባልየው «ትምህርት ካስገባኋት ወዲህ ተለወጠች» ይላል። ልክ ነው፣ ተለውጣለች።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ለውጡ ከቤት ብቻ አይመጣም። ከመመሪያም ይመጣል። አንድ ደንብ ሲቀየር ሺዎች ደብተር ይገዛሉ።

ለምሳሌ 10ኛ ክፍልን ተመልከቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን አንድ ማብቂያ አድርጎት ነበር። ብሔራዊ ፈተና ነበረ። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል። ያ ፈተና ዛሬ የለም። የሁለተኛ ደረጃ ማብቂያው 12ኛ ሆኗል። ያኔ 10ኛን ጨርሶ ሥራ የገባ ሰው ምንም ሳያጠፋ የሥራ ማስታወቂያው ከሱ በላይ ሆኖ አገኘው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅም ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲጨርስ ጠይቆ ነበር። ዓረብ አገር የመሄድ ሐሳብ የነበራት ልጅ ወደ ማታ ክፍል የምትመለስበት አንድ ምክንያት ይህ ሆነ። አስተማሪዎችም እንዲሁ ናቸው። በሰርተፊኬት የተቀጠረው ዲፕሎማ፣ በዲፕሎማ የተቀጠረው ዲግሪ እየተባለ ስንቱ መምህር ክረምቱን ራሱ ሲማር አሳልፏል።

ዲግሪውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ምሩቅ በበዛ ቁጥር ቀጣሪው መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል። ሥራው አልተቀየረም፤ የሚጠየቀው ወረቀት ግን ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ወጥቷል። በዚህ ምክንያት የሚማር ሰው ወደፊት ለመሄድ አይደለም የሚማረው፣ ያለበት ላለመውደቅ ነው። ይህ አድካሚ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ለዕውቀት ሳይሆን ለወረቀት ነው» ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ሰውየው የተጠየቀውን ነው ያቀረበው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመምጣቱ ደግሞ ወረቀቱም ያለ ዕውቀት አይገኝም። በኤክስቴንሽን የተማረውም፣ በግል ኮሌጅ የተማረውም ይፈተናል።

በዘመቻ የተማሩት

አዋቂን ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው ተቋም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ዋና ሥራው ይኸው ነበር። ትልቁ ሙከራ ግን በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ሸልሞታል። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ በፋኖስ ብርሃን ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ።

ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም ያነባሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ረስተውታል። ዋናው ችግር የማስተማሩ አልነበረም። ገጠር ውስጥ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ጋዜጣ አይደርስ፣ መጽሐፍ የለ። ያልተጠቀሙበት ፊደል ይጠፋል። ማንበብን ያላጡት በአብዛኛው የራሳቸው ምክንያት የነበራቸው ናቸው። አንዱ የዕድር ጸሐፊ ሆነ። ሌላዋ ከዓረብ አገር ወይም ከጦር ግንባር የሚመጣላትን ደብዳቤ ሰው ሳታስነብብ ማንበብ ፈለገች።

ይህ የመጨረሻው ምክንያት ብዙ አይወራለትም። ማንበብ የማይችል ሰው ምስጢር የለውም። የልጁን ደብዳቤ ጎረቤት ያነብለታል። የፍርድ ቤት ማመልከቻውን ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ባንክ ሲሄድ ስንት ብር እንዳለው የሚሰማው ቅጽ ከሚሞላለት ሰው ጋር ነው። ዛሬ ደግሞ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገበያ ላይ ያሉ እናቶችም ክፍያ በስልክ ይቀበላሉ። መልእክቱን ማንበብ የማይችሉት ስልካቸውን ለማያውቁት ሰው ይሰጣሉ። «ልጄ፣ ስንት ብር ገባልኝ? እስኪ አንብብልኝ።» የምስጢር ቁጥራቸውንም ጭምር የሚነግሩ አሉ። የተጭበረበሩትን ስሰማ በጣም ነው የሚያናድደኝ። በዘመቻው ጊዜ ያልነበረው የሚነበብ ነገር ዛሬ በየሰው እጅ ላይ አለ። መሠረተ ትምህርት ላይ የሚሠራ ሰው ማስተማሩን ከዚያች የስልክ መልእክት ቢጀምር ተማሪ የሚያጣ አይመስለኝም።

ባሕር ማዶ

ከአገር የወጣ ሰው ሲማር ምክንያቱ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል። የነበረውን ማስመለስ። አዲስ አበባ ላይ መሐንዲስ ወይም አካውንታንት የነበረ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሄዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። ማንም «አቶ» አይለውም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲመዘገብ የሚፈልገው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ያንን የቀድሞ ሰው ጭምር ነው።

ሴቶቹ በብዛት የሚሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሲኤንኤ፤ የነርስ ረዳትነት፣ በሳምንታት የሚያልቅ ሥልጠና። አረጋውያን ቤት ሌሊት ይሠራሉ፣ ቀን ይማራሉ። ከዚያ ኤልፒኤን የሚባለው መለስተኛ የነርስ ፈቃድ፣ ከዚያ አርኤን የሚባለው የሙሉ ነርስ ፈቃድ። በዚህ መሰላል ላይ ያለች እናት እንቅልፍ የምታገኘው ባቡር ውስጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ደግሞ ጂኢዲ የሚባለውን ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ጋር አቻ የሆነ ፈተና ይይዛሉ። አራት ፈተና አለው፤ ሒሳብ፣ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት። እስራኤል ለሄዱት የመጀመሪያው በር ኡልፓን የሚባለው የዕብራይስጥ ትምህርት ነው። ስዊድን ለሄዱት ኤስኤፍአይ የሚባለው ለስደተኞች የሚሰጥ የስዊድንኛ ትምህርት አለ።

እዚያ ያሉ ወላጆች ከሚያነሱት ምክንያት ውስጥ ልቤን የሚነካው ግን የልጅ ነገር ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ከነሱ ቀድሞ ይይዛል። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ የሚሆነው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አንብቦ ለወላጁ የሚነግረው ራሱ ነው፤ የሚነግረውንም የሚመርጠው እሱ ነው። ወላጅነት በዚህ መሐል ይሸረሸራል። እናት ማታ እንግሊዝኛ ስትመዘገብ «ለሥራ ነው» ትላለች። ስለ ልጇ ከአስተማሪው ጋር ያለ አስተርጓሚ ማውራት መፈለጓን ግን የምትነግረው ለቅርብ ሰው ብቻ ነው።

«ጊዜ የለኝም»

መማር ፈልገው የማይመዘገቡትስ? ፓትሪሺያ ክሮስ የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 እንቅፋቶቹን በሦስት ከፍላለች። የኑሮ እንቅፋት አለ፤ ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው። የተቋሙ እንቅፋት አለ፤ የማይመች ሰዓት፣ ሩቅ ቦታ፣ የተወሳሰበ ምዝገባ። ሦስተኛው ውስጥ ያለው ነው፤ «በዚህ ዕድሜዬ አይገባኝም፣ ይስቁብኛል» የሚለው።

ሰው ሲጠየቅ የመጀመሪያውን ይናገራል። «ጊዜ የለኝም» ማለት አያሳፍርም። ሦስተኛውን ማንም አይናገርም፤ ክሮስም በጥናት የሚገኘው ቁጥር ከእውነታው እንደሚያንስ የጠረጠረችው ለዚህ ነው። ጎልማሶች ሞልተው በሚያመሹበት ሰፈር ማታ ክፍሉ ግማሽ ባዶ ከሆነ የጊዜ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ልጅ ሆኖ በአስተማሪ ኩርኩም ወይም በክፍል ጓደኛ ሳቅ ትምህርት ያቆመ ሰው ሃያ ዓመት ቆይቶም ሰሌዳ ሲያይ ሆዱ ይረበሻል። የትዳር ጓደኛም፣ ልጅም እዚህ ጋ ትልቅ ጉልበት አላቸው። «እማዬ፣ የቤት ሥራሽን ሠራሽ?» የሚል ልጅ ያለባት እናት የማቋረጥ ዕድሏ ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዕድሜም እውነቱን እናውራ። ሰው ሲያረጅ አእምሮው ነገር የሚይዝበት ፍጥነት ይቀንሳል። አዲስ ስም መያዝ ይከብዳል። የቃላት ሀብትና የተከማቸ ልምድ ግን እስከ ስድሳዎቹ ዕድሜ ድረስ ብዙም አይቀንስም። ኬንያዊው ኪማኒ ማሩጌ እ.ኤ.አ. በ2004 አንደኛ ክፍል ሲገቡ 84 ዓመታቸው ነበር። መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ማድረጉን ሰምተው ነው የገቡት። ከሚነገርላቸው ምክንያቶች አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ማንበብ መፈለጋቸው ነው። አንድ ደንብ ተለወጠ፤ የቆየው ፍላጎት ተነሳ።

ክፍል ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚያቆያቸው ሌላ ነገር ነው። አዋቂ ዛሬ የተማረውን ነገ መጠቀም ይፈልጋል። ማታ ክፍል ውስጥ የምትማር ጉልት ቸርቻሪ እናት አስቡ። «በመቶ» የሚለውን ትምህርት በመጽሐፉ ምሳሌ ሲያስተምሯት ግራ ይገባታል። አስተማሪው ግን «ሃያ ሰው አምስት አምስት መቶ ብር ዕቁብ ይጥላል። ዳኛው ሁለት በመቶ ቢወስድ ስንት ይደርሰዋል?» ቢል ጠመኔውን ሳያነሳ «ሁለት መቶ» ትለዋለች። ስሌቱን ድሮም ታውቀዋለች። የጎደላት አጻጻፉ ነው። አስተማሪው ይህን ካልተረዳ ምንም የማታውቅ አድርጎ ከዜሮ ይጀምርባታል፣ እሷም በሦስተኛው ሳምንት ትቀራለች።

ለመመዝገብ እያሰባችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የምትማሩት መስክ ከሥራ መደባችሁ ጋር አግባብነት እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። ዲግሪ ይዘው መስኩ አይገናኝም ተብለው ዕድገት ያለፋቸው ሰዎች አሉ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ «ዕውቅና አለን» የሚለው ማስታወቂያ አይበቃም። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻው ነው፤ መደበኛውና ርቀቱም ይለያያሉ። ስለዚህ የምትማሩበትን ካምፓስና የምትማሩትን መስክ ስም የያዘውን ደብዳቤ አይታችሁ፣ የሚያበቃበትንም ቀን አንብባችሁ ክፈሉ።